ያለ ፈቃድ የተወሰደ ፎቶግራፍ፤ የናይሮቢ ፎቶግራፍ አንሺ መብትና መንገዱ

ዓለም አቀፍ የዜና ወኪሎች፣ በጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት፣ የማስታወቂያ ድርጅቶችና የሳፋሪ አስጎብኚዎች በአንድ ከተማ የተሰባሰቡባት፣ ሠርጉም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የማይጓደልባት ናይሮቢ ለፎቶግራፍ አንሺ ሰፊ ገበያ ናት። ገበያው የሰፋውን ያህል ግን ሥራው ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ የሚወጣበት በርም ሰፍቷል፤ ለሆቴል ብሮሹር የተነሣው ምስል ከዓመት በኋላ በሞምባሳ መንገድ ዳር ቢልቦርድ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፣ በኢንስታግራም የተለጠፈው የከተማ ገጽታ የአንድ የቤት ሻጭ ድርጅት ማስታወቂያ ይሆናል፣ የሠርግ ፎቶው የአበባ ነጋዴ ካታሎግ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ከተበዳዩ አፍ አስቀድሞ የሚወጣው «ተሰረቅሁ» የሚለው ቃል ቢሆንም፣ ሕጉ ስለ ስርቆቱ ከመስማቱ በፊት ፎቶግራፉ የማን ንብረት እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ ባለሙያዎች ያልተዘጋጁበት ጥያቄ ይህ በመሆኑ ማብራሪያውም ከዚሁ መጀመር ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት የዜጎችን የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዲደግፍና እንዲጠብቅ ያዛል። ዝርዝሩን የያዘው በ2001 ወጥቶ ከየካቲት 2003 ጀምሮ የሚሠራበት፣ በ2019 ደግሞ በሰፊው የተሻሻለው የቅጂ መብት ሕግ ነው። የቅጂ መብት ማለት አንድ ሰው የፈጠረውን ሥራ ሌላው እንዳይገለብጠው፣ እንዳያሠራጨው፣ ለሕዝብ እንዳያሳየው የመከልከል፣ ወይም በዋጋም ሆነ በነጻ የመፍቀድ ሥልጣን ነው። ሕጉ ፎቶግራፍን ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጋር በኪነ ጥበብ ሥራነት የሚመድበው ሲሆን የውበት ደረጃውን አይመረምርም፤ በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል አደባባይ ለመንገደኛ የሚነሣ የመታሰቢያ ፎቶና በዓለም አቀፍ ውድድር የተሸለመ ምስል በሕጉ ፊት እኩል ናቸው። መብቱም ምስሉ በፋይል ወይም በፊልም ላይ ከሰፈረበት ቅጽበት ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይገኛል። በናይሮቢ የሚገኘው የኬንያ የቅጂ መብት ቦርድ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ምዝገባ የሚያካሂድ ቢሆንም፣ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ለክርክር ጊዜ የሚያገለግል ማስረጃ እንጂ የመብቱ ምንጭ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ሥራ ባለቤትም ስላላስመዘገበ ብቻ ከክስ አይከለከልም።

ለፎቶግራፍ አንሺው አስቸጋሪ የሚሆነው የሕጉ አንቀጽ 31 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ሥራው የተሠራው በቅጥር ውል ሥር ባለ ሠራተኛ ከሆነ፣ ወይም ቀጣሪ ባልሆነ ሌላ ሰው ትእዛዝ ከሆነ፣ ተዋዋዮቹ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር የቅጂ መብቱ ወደ ቀጣሪው ወይም ወደ አዛዡ እንደተላለፈ ይቆጠራል። ብዙ ባለሙያዎች «ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ነው» ብለው የሚያምኑት በሌሎች አገሮች ያለውን ልማድ ሰምተው ነው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ በግሉ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር በደንበኛ ትእዛዝ ባነሣው ሥራ ላይ እንኳ መብቱን እንደያዘ ይቆያል። በናይሮቢ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን የሆቴል ምስል እንመልከት ቢባል፣ ሆቴሉ ፎቶግራፍ አንሺውን በስልክ አነጋግሮ፣ ዋጋውን በዋትስአፕ ተስማምቶ፣ ክፍያውንም በኤም-ፔሳ ፈጽሞ ምስሎቹን ከተቀበለ፣ ስለ መብቱ የተባለ ነገር ባለመኖሩ ብሮሹሩንም ቢልቦርዱንም የማሠራት መብት የሆቴሉ ነው ተብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ፎቶግራፍ አንሺው የቢልቦርድ ዋጋ ቢጠይቅም የሚቆምበት መሬት የለውም። በአንጻሩ ኢንቮይሱ ላይ «የቅጂ መብቱ የፎቶግራፍ አንሺው ሆኖ ይቆያል፤ ደንበኛው ለብሮሹር ኅትመት ብቻ ለአንድ ዓመት እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል» የሚል ሁለት መስመር ሰፍሮ ሆቴሉም ይህንኑ ተቀብሎ ከሆነ፣ ቢልቦርዱ ግልጽ ጥሰት ይሆናል። የሁለቱ መስመሮች ዋጋ ከካሜራው ዋጋ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚሁ ጋር አብረው መታወቅ ያለባቸው ሁለት ቃላት አሉ። ማስተላለፍ ማለት መብቱን ራሱን ለሌላ መስጠት ሲሆን፣ ፈቃድ ማለት መብቱን ይዞ መጠቀምን ብቻ መፍቀድ ነው። በሕጉ አንቀጽ 33 መሠረት ማስተላለፍም ሆነ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ብቸኛ ፈቃድ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ ግን በቃል ሊሰጥ፣ እንዲያውም ከባለቤቱ አኳኋን ሊገመት ይችላል። አንድ ድርጅት ምስሉን ሲጠቀም አይቶ «ጥሩ ነው፣ ስሜን ብቻ ጥቀሱ» የሚል መልእክት የላከ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ተነሥቶ አልፈቀድሁም ቢል የራሱ መልእክት ይመሰክርበታል።

መብቱ ወደ ደንበኛው በተላለፈበት ጊዜ እንኳ ለፎቶግራፍ አንሺው የሚቀርለት ነገር አለ። ይህም የሞራል መብት የሚባለው፣ የሥራው ባለቤት ተብሎ የመጠራትና ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ አኳኋን ሥራው እንዳይቆራረጥና እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ሲሆን፣ ከገንዘብ ጥቅሙ ተለይቶ የሚቆምና ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ለሌላ የማይተላለፍ ነው። በናይሮቢ መገናኛ ብዙኃን በሰፊው የሚታየው ከማኅበራዊ ሚዲያ በተወሰደ ምስል ግርጌ «ፎቶ፦ ኮርተሲ» (በትብብር የተገኘ እንደ ማለት) ብሎ የማለፍ ልማድ ይህን መብት በቀጥታ የሚነካ ነው። ሕጉ ለወቅታዊ ዜና ዘገባ፣ ለሒስና ለግምገማ፣ ለምርምርና ለግል ጥቅም ሲባል ያለ ፈቃድ ተገቢ በሆነ መጠን መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ በዜና ዘገባ ጊዜ ምንጩ እንዲጠቀስ ይጠይቃል፣ የማንንም ስም ያልያዘ «ኮርተሲ» ደግሞ ምንጭ ጠቀሰ ሊባል የሚችልበት መንገድ የለም። አዘጋጁ የአንሺውን ስም ለማግኘት የሚፈጅበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ስለማይበልጥ ልማዱ የችኮላ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ባለቤትነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተለው ማስረጃ መሰብሰብ ነው፤ ይህም ለተቃራኒው ወገን አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት መጠናቀቅ አለበት፣ ምክንያቱም ደብዳቤ የደረሰው ድርጅት ቀድሞ የሚያደርገው ምስሉን ማጥፋት ነው። ካሜራው የፈጠረው ያልተነካ ዋና ፋይል፣ ከተመረጠው ምስል በፊትና በኋላ የተነሡት ተከታታይ ምስሎች፣ እንዲሁም ሜታዳታ ተብሎ የሚጠራው በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የቀን፣ የካሜራና የሌንስ መረጃ ከሁሉ የሚበልጡ ምስክሮች ናቸው፤ ከኢንተርኔት የወሰደ ሰው የተቆረጠችና የተጨመቀች አንዲት ቅጂ እንጂ ከጎኗ የነበሩትን አያገኝም። ቢልቦርድ ከሆነ መንገዱና ቀኑ እንዲታወቅ ከነአካባቢው ይነሣል፤ ድረ ገጽ ከሆነ አድራሻውና ሰዓቱ ከሚታይ ስክሪንሹት ጋር ይቀመጣል። የኬንያ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 106ለ ከኮምፒውተር የወጣ ማስረጃ በምን መሣሪያና በማን እንደተዘጋጀ የሚገልጽ የተፈረመ ማረጋገጫ እንዲያያዝበት ስለሚጠይቅ፣ ስክሪንሹቱን ያነሣው ሰው ማን እንደሆነ ከመነሻው ቢመዘገብ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ያስቀራል። በፋይሉ ውስጥ ያለውን የባለቤትነት መረጃ ማውጣት ወይም መለወጥ ራሱን የቻለ ጥሰት በመሆኑም፣ ከሥራው ጋር ተያይዞ የነበረ ስም ተፍቆ ከተገኘ ለብቻው ተለይቶ መቅረብ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ቁጣና ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ ናቸው። ጥሩ ደብዳቤ ምስሉን ከነማስረጃው ያያይዛል፣ የት፣ መቼና በምን ዓይነት አጠቃቀም እንደታየ ይገልጻል፣ ፈቃድ እንዳልተሰጠ ያስታውቃል፣ ከዚያም የተቆረጠ ዋጋና የመልስ ቀን ያስቀምጣል። ዋጋው ከየትም የሚመጣ ሳይሆን አንሺው ለዚያ አጠቃቀም በተለመደው ጊዜ ያስከፍል ከነበረው ክፍያ ተነሥቶ የሚሰላ ነው፤ በየትኛው ሚዲያ፣ ለስንት ጊዜ፣ በአንድ አገር ወይስ በብዙ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ይሸጣል የሚሉት ነጥቦች ሒሳቡን ይወስናሉ። ለዚህም ነው ቀደም ሲል ለሌሎች ደንበኞች የተሰጡ ኢንቮይሶችን ማስቀመጥ የሚጠቅመው። ከዚህ በፊት አንድ ምስል እንኳ በፈቃድ ሽጦ የማያውቅ ሰው «የተለመደው ዋጋዬ ይህ ነው» ሊል አይችልም፤ የሸጠ ሰው ግን የራሱን የገበያ ዋጋ በወረቀት ያሳያል። ብዙ ጉዳዮች የሚያልቁት እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ የማስታወቂያ ድርጅቱ ምስሉን ለደንበኛው «የገዛሁት ነው» ብሎ አስረክቦ ከሆነ፣ ደብዳቤው ለሁለቱም በተመሳሳይ ቀን ሲደርስ ነገሩ በፍጥነት መልክ ይይዛል።

ምስሉ በኢንተርኔት ላይ ከሆነና ለጣፊው የማይታወቅ ወይም የማይመልስ ከሆነ፣ በ2019 ማሻሻያ የተጨመረው አንቀጽ 35ለ ሌላ መንገድ ከፍቷል። ይህ የማስወገጃ ማስታወቂያ የሚባለው ሲሆን፣ ባለመብቱ ማንነቱን፣ ሥራውንና ጥሰቱ የሚገኝበትን ስፍራ ገልጾና ፈርሞ ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ሲያቀርብ፣ አገልግሎት ሰጪው ለለጣፊው አሳውቆ ተቃውሞ ካልቀረበለት በ48 የሥራ ሰዓት ውስጥ ይዘቱ እንዳይታይ ያደርጋል። ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማቅረብ የሚያስቀጣ በመሆኑ ባለቤትነቱን ያላጣራ ሰው ሊደፍረው አይገባም። መታወቅ ያለበት ግን ይህ መንገድ ምስሉን ያስወግዳል እንጂ ገንዘብ አያመጣም፤ ካሳ የሚፈልግ ሰው ምስሉ ከመጥፋቱ በፊት ማስረጃውን ይዞ መጠበቅ አለበት።

ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በናይሮቢ ይህ ማለት በአብዛኛው የሚሊማኒ ፍርድ ቤቶች ማለት ነው። ከሳሹ ጥሰቱ እስኪወሰን እንዲቆም የሚያደርግ ጊዜያዊ እግድ ሊጠይቅ ይችላል፤ እግዱን ለማግኘትም በ1973 ጊየላ በካስማን ብራውን ላይ ባቀረበው ክስ የተቀመጡትን ሦስት መመዘኛዎች፣ ማለትም ሲታይ የሚያሳምን ክስ፣ በገንዘብ የማይካስ ጉዳትና ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ችግር ሚዛን የሚሉትን ማሟላት ይኖርበታል። ፎቶግራፍ አንሺ ለማስረዳት የሚቸገረው ሁለተኛውን ነው፤ ምስሉን በዋጋ የሚያከራይ ሰው ጉዳቱ በገንዘብ አይካስም ማለቱ ከራሱ ንግድ ጋር ይጋጫልና። በመጨረሻው ፍርድ ግን ካሳ፣ የተገኘውን ትርፍ ማስመለስ፣ ወይም በካሳ ፈንታ ፈቃድ ቢሰጥ ኖሮ ሊከፈል ይችል የነበረውን ተመጣጣኝ ክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ ይህ የመጨረሻው ለባለሙያው የሚቀለው ሲሆን የድሮ ኢንቮይሶቹ እዚህም ያገለግሉታል። ከደብዳቤው በኋላ ተጠቃሚው ዋጋውን በጽሑፍ ተስማምቶ ሳይከፍል የቀረ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ የውል ዕዳ ስለሚሆን፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርሱ ክርክሮችን በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን በ2016 ሕግ የተቋቋመው የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት ቀላሉ በር ነው።

የፍርድ ቤት መንገድ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ከአህጉሩ ውጭ ያለ አንድ ጉዳይ ይጠቅማል። የሄይቲ ተወላጁ ፎቶግራፍ አንሺ ዳንኤል ሞሬል ጥር 2010 ፖርቶፕሪንስን ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያው ቀን አንሥቶ ምስሎቹን በትዊተር በኩል አሳየ፤ ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ አሠራጫቸው፣ አዣንስ ፍራንስ ፕሬስ ወሰዳቸው፣ በጌቲ ኢሜጅስ በኩልም በዓለም ዙሪያ ተሸጡ። የዜና ወኪሉ ትዊተር ላይ የተለጠፈ ምስል ለማንም የተፈቀደ ነው ብሎ ያቀረበውን መከራከሪያ የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፤ በኅዳር 2013 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሁለቱ ድርጅቶች 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰኑ። መጠኑ ከፍ ሊል የቻለው የአሜሪካ ሕግ ጉዳቱን በዶላርና በሳንቲም ማስላት ሳያስፈልግ ለአንድ ሥራ ይህን ያህል ተብሎ የሚቆረጥ ካሳ ስለሚያውቅ ነው። በኬንያ ሕግ ከሳሹ የሚያገኘው በሚያስረዳው ጉዳት ወይም በተመጣጣኝ ክፍያው ልክ በመሆኑ፣ የሞሬልን ድል አንብቦ ሚሊዮኖችን የሚጠብቅ ባለሙያ ከጠበቃው ጋር ሳይስማማ ይለያያል።

በናይሮቢ ያለው እውነታ ሌላም የሚገርም ገጽታ አለው፤ ይኸውም በምስሉ ውስጥ የሚታየው ሰው ምስሉን ካነሣው ሰው ይልቅ ፈጣን ጠባቂ ማግኘቱ ነው። በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውን መልክ እንደ ግል መረጃ ስለሚቆጥር፣ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብለትን አቤቱታ በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መጨረስ ይኖርበታል። በዚሁ ሕግ መሠረት የሞባይል ስልክ ድርጅቱ ኦፖ ኬንያ የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በኢንስታግራም ገጹ በማውጣቱ በ5 ሚሊዮን ሽልንግ ተቀጥቷል፤ በመስከረም 2023 ደግሞ በንጎንግ መንገድ የሚገኘው ካሳ ቬራ ላውንጅ የአንድ ደንበኛውን ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ በመለጠፉ በ1,850,000 ሽልንግ፣ በኡቲሩ ያለው ሮማ ትምህርት ቤትም የሕፃናትን ምስል ያለ ወላጆች ፈቃድ በማውጣቱ በ4,550,000 ሽልንግ ተቀጥተዋል። ለፎቶግራፍ አንሺው ይህ ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው። ምስሉን የወሰደው ድርጅት በምስሉ ላይ ያለውን ሰው ፈቃድ እንዳልያዘ በደብዳቤው ላይ ማስታወስ የድርድር ጉልበት ይጨምራል፤ ነገር ግን አንሺው ራሱ ከሰውየው የተፈረመ ፈቃድ ካልያዘ፣ ክሱ ተገልብጦ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል።

በከተማዋ በጣም የተለመደው መፍትሔ ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱ አይደለም፤ የተበደለው ሰው ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለጥፋል፣ ድርጅቱን በስሙ ይጠራል፣ ተከታዮቹም ይዘምቱበታል። አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡ በማግሥቱ ስለሚከፈል መንገዱን ማናናቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ባለቤትነቱ ሳይጣራ ሲደረግ ነው፤ ድርጅቱ ምስሉን ከሦስተኛ ወገን በቅን ልቦና ገዝቶ፣ ወይም በአንቀጽ 31 መሠረት ባለመብት ሆኖ ከተገኘ፣ «ሌቦች» ተብሎ መጠራቱ ለስም ማጥፋት ክስ ይዳርጋል። ስም ማጥፋትን ወንጀል ያደርግ የነበረውን ድንጋጌ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ቢሽረውም፣ የካሳ ክሱ እንዳለ ነው። ስለዚህ አደባባይ መውጣት ካስፈለገ የሚሻለው ደብዳቤው ደርሶ የመልሱ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከፍርድ ቃል ይልቅ ቀንና ማስረጃ ብቻ ይዞ መውጣት ነው።

መብቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በናይሮቢ በ1943 የተወለደውና ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው መሐመድ አሚን በ1984 በኮረም ያነሣው የረሀብ ምስል ዓለምን ያነቃነቀ፣ በ1991 በአዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን ያጣ፣ በኅዳር 1996 ደግሞ ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ባለሙያ ነው። የኬንያ ሕግ ለሥዕል ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ግን ከተነሣበት፣ ለሕዝብ ከቀረበበት ወይም መጀመሪያ ከታተመበት ዓመት መካከል ከመጨረሻው ጀምሮ 50 ዓመት ብቻ ነው፤ በዚህ ስሌት በ1984 ተነሥቶ በዚያው ዓመት የታተመ ፎቶግራፍ ጥበቃው በ2034 መጨረሻ ያበቃል። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለፎቶግራፍ የተሰጠው ዘመን 25 ዓመት በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ምስል በዚያ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ጥበቃው ካበቃ ቆይቷል። በጎተራ ወይም በጋራዥ የተቀመጠ፣ ገና ያልታተመ የኔጋቲቭ ክምችት ያለው ቤተሰብ ግን የኬንያው ሕግ ቆጠራውን ከኅትመት ስለሚጀምርለት በዚህ ረገድ ተጠቃሚ ነው።

በኢስሊም ሆነ በሌላው የናይሮቢ ሰፈር ስቱዲዮ ከፍቶ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የሕጉ ጥበቃ በዜግነቱ ምክንያት አይነፈገውም፤ አንቀጽ 23 ሥራው በተሠራበት ጊዜ የኬንያ ዜጋ የሆነውን ብቻ ሳይሆን በኬንያ መደበኛ ነዋሪ የሆነውንም ሰው ሥራ ይጠብቃል፣ ስለዚህም የኪራይ ውሉ፣ የንግድ ፈቃዱና የመኖሪያ ሰነዱ ከዋናው ፋይል ጋር በአንድ ላይ የሚቀመጡ ማስረጃዎች ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ምስሉ በናይሮቢ ማስታወቂያ ላይ የወጣበት ሰው ግን የሚከተለው መንገድ ይለያል። ኬንያ በ1993 የገባችበት የበርን ስምምነት የአባል አገሮችን ዜጎችና በአባል አገር መጀመሪያ የታተሙ ሥራዎችን የሚጠብቅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ስታወጣ የስምምነቱ አባል አልነበረችም። ስምምነቱ መጀመሪያ በሌላ አገር ወጥቶ በ30 ቀን ውስጥ በአባል አገር የታተመን ሥራ እዚያው መጀመሪያ እንደታተመ ስለሚቆጥረው፣ ለጎረቤት ገበያ የሚሠራ የአዲስ አበባ ባለሙያ መጽሐፉን ወይም የፎቶ ስብስቡን በተመሳሳይ ወር ናይሮቢ ላይም ቢያሳትም፣ የአሳታሚውንም ደረሰኝ ከነቀኑ ቢይዝ፣ ሚሊማኒ ሲቀርብ የሚጠየቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ከወዲሁ መልሶታል።